ለሲስተርና ለደጋጎቹ ሁሉ፦ ምስጋና ከደብረ ሲና

እግዚአብሔር ይመስገን። የትራፊክ ፖሊሱ የልጆቼ አባት ሰኞ ዕለት ዩኒፎርሙን ለብሶ ሥራ ገባ።

ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ የደረሰውን አደጋ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አልደግመውም። ከዚያ ወዲህ ቤታችን እንዴት ያድር እንደነበር የሚያውቁት ግን ጎረቤቶቼ ናቸው። ሌሊት ሲጮህ ሰምታችሁ፣ ጠዋት ምንም እንዳልሰማ ሰው «እንዴት አደራችሁ» ላላችሁን፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ከሁሉ በፊት ግን ሲስተር። «ስሜን እንዳትጠሪ» ብላኛለች፤ ቃሏን አከብራለሁ። የሥነ አእምሮ ነርስ ናት። ደብረ ብርሃን ላይ የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች ከፖሊሶች ጋር እንዲሠሩ በተሰጠው ሥልጠና ከሠለጠኑት አንዷ ናት። ያ ሥልጠና ባይኖር ዛሬ የት እንደምንሆን ሳስበው ሰውነቴ ይርዳል።

ከእሷ በፊትማ ሌላ ቦታ ሄደን ነበር። ቦታውን አልጠራም። ወንበሩ ላይ ገና ሳንደላደል ባለሙያው «ካየኸው ሁሉ በጣም የዘገነነህ ምንድን ነው?» አለው። ባለቤቴ ብድግ ብሎ ወጣ። ሁለተኛ አልታከምም አለ። እንዲህ ያለው ጥያቄ ለመጀመሪያ ቀን እንደማይሆን በሥልጠናው አጥብቀው እንደነገሯቸው ሲስተር ኋላ አጫወተችኝ። ፖሊስ አፉን የሚከፍተው ሰሚው እንደማይደነግጥበት ሲያምን ነው አለችኝ።

እሷ የጠየቀችው ስለ እንቅልፉ ነው። «ሳጅን፣ ከሌሊት ተረኝነት ሲወጡ ስንት ሰዓት ይተኛሉ? ምን በልተው?» ወንበሩንም ጀርባው ወደ ግድግዳ፣ ፊቱ ወደ በሩ እንዲሆን አዞረችለት። ለምን እንደሆነ አላብራራችም፤ እሱም አልጠየቀም። ትከሻው ግን ሲወርድ አየሁት። በሥልጠናው ጊዜ ከተረኞች ጋር ወጥታ፣ ጉም በወረደበት ሌሊት መንገድ ዳር ቆማ ነበር። ቁልቁለቱን ሲወርድ የተቃጠለ የከባድ መኪና ፍሬን እንዴት እንደሚሸት ስትነግረው ቀና ብሎ አያት። ያ ሰው ዓይን ለዓይን ሰው ካየ ስንት ጊዜው ነበር!

ደግሞ ሳትደብቅ ነገረችው። «የሚነግሩኝ እዚሁ ይቀራል። የእርስዎ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ብቻ እናገራለሁ፤ ያንንም መጀመሪያ ለእርስዎ ነው የምነግርዎት።» የቀጣው ሾፌር አጠገብ ወረፋ እንዳይጠብቅ ከሥራ ሰዓት ውጭ ትቀበለው ነበር። ለዚያ ትርፍ ሰዓት የከፈላት የለም።

የሽጉጡን ነገር ሳልናገር ባልፍ ነውር ነው። እኔ ሌሊት ሌሊት የምፈራውን አውቃ፣ ማንም ፊቱ ቆሞ ትጥቅ እንዳያስፈታው ከኮማንደሩ ጋር መከረች። ባለቤቴ ራሱ ሄዶ፣ ፈርሞ፣ «እስክመለስ ይቀመጥልኝ» ብሎ አስረከበ። ክብሩ አልተነካም። እኔም ያን ሌሊት ተኛሁ።

አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ። ይህ ዘግናኝ ነገር ካዩ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ሕመም በሕክምናው መዝገብ መጠሪያ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው፤ ከቬትናም ጦርነት የተመለሱት ወታደሮች ስቃይ ብዙ ከተነገረ በኋላ። «ወታደሩ ግን ከግንባር ወደ አገሩ ይመለሳል። የትራፊክ ፖሊስ ሰው የሞተበት መታጠፊያ ላይ በማግሥቱ ይቆማል። ልጁን ይዞም ያልፍበታል።» አልቅሼ ነው የሰማኋት። በዚህ ሁሉ ጊዜ ባሌ ፈሪ እንዳልሆነ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

እህቴ፣ እንዳንቺ ያለውን ያብዛልን። የወለደችሽ ማሕፀን ትባረክ።

ሥልጠናውን ለሰጣችሁ፣ በተለይ የኖሩበትን ሳይሸሽጉ ላስተማሩት ጡረተኛው የፖሊስ መኮንን፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ኮማንደር፣ የሕክምና ካርዱን አምጣ ሳይሉ፣ ማዕረጉን ሳይነኩ ቢሮ መድበው ስላቆዩት አመሰግናለሁ። የንስሐ አባታችን «ጸበሉንም ተጠመቅ፣ ኪኒኑንም ዋጥ» ባይሉት ኖሮ መድኃኒቱን ገና ድሮ ይጥለው ነበር። አሁንም እየወሰደ ነው፤ ክትትሉም አልተቋረጠም። የእድራችን አባላት፣ የሥራ ጓዶቹ፣ የልጆቼ መምህራን፣ በስልክ የጠየቃችሁን ሁሉ፣ ውለታችሁ አለብን።

አማቴን ረሳሁ! እማዬ፣ ልጅሽን እንደ ሕፃን አቅፈሽ ያሳደርሽበትን ሌሊት እኔ አልረሳውም።

ስማችሁን ያልጠራሁ በጣም ብዙ ናችሁ። ልቤ ሞልቶ ነው እንጂ ንቄ አይደለም፤ ይቅር በሉኝ። ሥልጠናውን ለምታዘጋጁት ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። መንዝም መርሐቤቴም ሌሊቱን ሙሉ የሚቆሙ ፖሊሶች አሉ። እነሱም ሲስተር ያስፈልጓቸዋል።

ኅዳር 12 የሚካኤል ዝክር ቤታችን ነው። ተረኛ ያልሆናችሁ ሁላችሁም ኑልን። ተረኛ ለሆናችሁት ድርሻችሁን ጣቢያ ድረስ እናመጣለን።

ባለቤቱና ልጆቹ፣ ደብረ ሲና