አሮጌው መንገድ ጭር ያለው የቱ ጋ ነው?

ለአዘጋጁ፤

ባለፈው ሳምንት ስለ አዲስ አበባ–አዳማ መንገድ ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። አብዛኛው ደህና ነው። የፍጥነት መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በ2007 ዓ.ም. ተከፈተ፣ በየአቅጣጫው ሦስት ሦስት መስመር አለው። ልክ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን ከነከነችኝ። «አሮጌው መንገድ ጭር ብሏል፤ ዳር ላይ የሚኖሩትም እፎይ ብለዋል» ትላለች።

ዳር ላይ ከሚኖሩት አንዱ እኔ ነኝ። ገላን፣ አስፋልቱ ጥግ፣ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ጎሚስታ አለኝ። እፎይ ያልኩበትን ቀን ንገሩኝና በየዓመቱ ድግስ ልደግስበት።

መኪና ቀንሷል? ቀንሷል፤ አልክድም። የአገራችን ገቢና ወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ በጅቡቲ ነው። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ የሚገባው ጭነት፣ የድሬዳዋ አውቶቡስ፣ ቅዳሜ ቢሾፍቱ የሚዝናናው ሰው፣ የእኛም ጋሪና አህያ፣ ሁሉም በዚህችው አስፋልት ነበር። ልጆቼን ለማሻገር ሥራ አቆም ነበር።

ግን ማን ሄደ፣ ማን ቀረ? የሄደው የቤት መኪናው ነው። እሱ ደንበኛዬ ነበር። ጠዋት ነፋስ ያስሞላል፣ ማታ ሲመለስ የተበሳውን ያስለጥፋል። አሁን ቱሉ ዲምቱ ላይ ካርዱን ይቀበልና ውልብ ይላል። ሲኖትራኩና ተሳቢው ግን ዛሬም እዚሁ ናቸው። የፍጥነት መንገዱ ክፍያ በመኪናው ትልቅነትና በርቀቱ ነው፤ ሹፌር ደግሞ ሒሳብ ያውቃል። የገላንና የዱከም ፋብሪካዎችስ በራቸው በየት በኩል ነው? ጥሬ ዕቃ የጫነ መኪና አጥር ዘሎ አይገባም መቼስ። ባጃጅ፣ ጋሪና እግረኛ እዚያ ድርሽ ማለት ክልክል ነው። እነሱም ከእኛው ጋር ናቸው።

አጥር ስል ትዝ አለኝ። ከጽሑፉ ጋር ያወጣችሁት ፎቶ ላይ ግራና ቀኝ አጥር ይታያል። አሮጌው መንገድ አጥር የለውም። ጭር ያለውን መንገድ የት እንዳገኛችሁት ያኔ ገባኝ።

ደግሞ ስትቆጥሩ ባጃጅም አንድ፣ ተሳቢም አንድ ነው? አሥር የቤት መኪና ሄዶ ሁለት ተሳቢ ቢጨመር፣ ወረቀት ላይ «ስምንት ቀነሰ» ይባላል። እኔ ቤት ግን መደርደሪያው ላይ ብርጭቆው ይንጫጫል። መንገድ የሚሠሩ መሐንዲሶችን ጠይቁ። አንድ አክስል (ግራና ቀኝ ጎማውን የሚያያይዘው ዘንግ) የሚሸከመው ክብደት እጥፍ ሲሆን አስፋልቱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል። መንገዱ የሚፈርሰው በብዛት ሳይሆን በክብደት ነው። ጉድጓዱን መጥታችሁ እዩት፤ ክረምት ላይ ዳክዬ ማርባት ይቻላል።

አምና ክረምት አንድ ተሳቢ ከዚሁ ጉድጓድ ልሽሽ ብሎ ኮምፕረሰሬን ጨፍልቆት አለፈ። ዞሮም አላየኝ። እስካሁን የምሠራው በተበደርኩት ነው። ይሄ በእናንተ ቋንቋ እፎይታ ከሆነ እሺ።

ጋዜጠኛችሁ በሚቀጥለው ጊዜ በአሮጌው መንገድ ይምጣ። ቀን ብቻ ሳይሆን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይም ቆሞ ይቁጠር። ጎማው ከተነፈሰ አለሁ። ነፋሱን በነፃ እሞላለታለሁ፤ የልጠፋውን ግን ይከፍላል።

ባለ ጎሚስታው፣ ከገላን