የበረራ ትምህርት ቤት የሚመርጥ ልጅ ስለ ጨለማው ይጠይቅ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ጋዜጣችሁን ማታ ከሥራ ስገባ በስልኬ አነባለሁ። በቅርቡ አብራሪ መሆን ለሚፈልጉ ወጣቶች ያወጣችሁትን ምክር ወድጄዋለሁ። ስለ ሕክምና ምርመራውና ስለ ክፍያው የተጻፈው ጥሩ ነው። አንድ ነገር ላይ ግን አልተስማማሁም። ጽሑፉ ወጣቶቹ ዲጂታል ስክሪን የተገጠመላቸው አውሮፕላኖች ያሉበትን ትምህርት ቤት እንዲመርጡ ይመክራል። ስክሪን ካለ የማታ በረራ እንደ ቀን ይቀላል ይላል። እኔ ስክሪን ባላት ሴስና 172 በምትባል ትንሽ አውሮፕላን ማታ ማታ የምበር ሰው ነኝ። እንደ ቀን አይደለም።

ስክሪኑን ለማማት አይደለም የጻፍኩት። የኔዋ ላይ ያለው ጋርሚን ጂ1000 የሚባለው ነው። ከፊቴ ሁለት ስክሪኖች አሉ፤ እያንዳንዳቸው 10 ኢንች ያልፋሉ። የግራው አድማሱን፣ ፍጥነቱን፣ ከፍታውንና አቅጣጫውን ባንድ ላይ ያሳየኛል። የቀኙ ካርታውንና የሞተሩን ሁኔታ ይዟል። በድሮዎቹ አውሮፕላኖች አድማስ የምታሳየው፣ ማለትም አውሮፕላኑ ቀጥ ማለቱን ወይም መጋደሉን የምትነግረው መሣሪያ፣ የሲኒ ማስቀመጫ የምታክል ናት። የምትሠራው በአየር ፓምፕ ነው። ፓምፑ ሲሞት ቀስ እያለች ትጋደማለች፣ ደህና መስላ። አብራሪው ካላወቀባት ይዛው ትሄዳለች። አዲሱ ስክሪን ግን መረጃው ሲቋረጥበት ቦታው ላይ ትልቅ ቀይ ኤክስ ያደርግበታል። አላውቅም ማለት የሚችል ዕቃ ነው። ይህን እወድለታለሁ።

ችግሩ ብርሃኑ ነው። ዓይናችን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። የለመደውን ለማጣት ግን ደማቅ ነገር ላይ ለጥቂት ሰከንድ ማፍጠጥ ይበቃዋል። ሁለት ደማቅ ስክሪን ፊት ለፊቱ ተደቅኖ ውጭውን አያለሁ የሚል ካለ ራሱን እየሸወደ ነው። የፊት መስታወቱም የስክሪኑን ነጸብራቅ መልሶ ያሳየዋል። ስለዚህ ማታ ከመነሳቴ በፊት መጀመሪያ እጄ የሚሄደው ወደ ብርሃን መቀነሻው ነው። ስክሪኑ ራሱ አካባቢውን እየለካ ይደበዝዛል፤ ለኔ ግን አይበቃኝም። ቁጥሩን ለማንበብ ትንሽ እስክቸገር ድረስ አወርደዋለሁ፣ ከዚያ በጣም ጥቂት መልሼ ከፍ።

ቁጥር ካልኩ አይቀር፣ ሰው ብዙም የማያነሳው አንድ ነገር አለ። የድሮው ፍጥነት መለኪያ መርፌ ነበረው። መርፌው የት እንደቆመ በዓይንህ ጠርዝ ካየህ በቂ ነው፤ ማንበብ የለም። አሁን ግን ቁጥሩን ማንበብ አለብህ። ቀን ቀን ልዩነቱ አይታወቅም። ሙሉ ቀን ሠርተህ፣ ደክሞህ፣ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ለማረፍ ስትዘጋጅ ይታወቅሃል።

ኦገስት ላይ የእህቴን ልጅ ይዤው የሜሪላንድ የባሕር ዳርቻ ወደሆነችው ኦሽን ሲቲ ሄጄ ነበር። እሱም መማር ይፈልጋል፤ ለነገሩ የናንተን ጽሑፍ የላከልኝ እሱ ነው። ስንመለስ መሽቷል፤ ጨረቃ የለም። ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ ስንደርስ ልጁ ዓይኑን ከስክሪኑ መንቀል አቃተው። ስክሪኑ መሬቱን እየሳለ ያሳያል፣ ውሃው ሰማያዊ፣ ዳርቻው አረንጓዴ። «ጋሼ፣ ይሄማ ጌም ነው እኮ!» አለኝ።

ብርሃኑን አወረድኩትና «በል አሁን ውጭውን እይ» አልኩት።

ዝም ብሎ አየ። ከዚያ «መሬቱ የቱ ጋ ነው?» አለ።

ጥያቄው ትክክል ነበር። ከታች የጀልባ መብራቶች አሉ፣ ከላይ ከዋክብት። በመካከላቸው መስመር የለም። ጆሯችን ውስጥ ያለው የሚዛን አካል ደግሞ ቀስ ያለ መዞርን አይሰማውም። አውሮፕላኑ እየዞረ ሰውየው ቀጥ ብዬ እየሄድኩ ነው ሊል ይችላል። እዚያ ላይ የሚያድነው መሣሪያውን ማመን ነው፤ ስክሪንም ይሁን መርፌ። ይሄ ደግሞ በልምምድ እንጂ በግዢ አይመጣም።

የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ልጅ ጆን ጁላይ 16 ቀን 1999 ከባለቤቱና ከእህቷ ጋር ማርታስ ቪንያርድ ደሴት አጠገብ ባሕር ውስጥ የገባው እንዲህ ባለ ማታ ነው። በውሃ ላይ፣ በጨለማ፣ ጭጋግ ባለበት። መርማሪዎቹ አውሮፕላኑ ላይ ለአደጋው ምክንያት የሚሆን ብልሽት አላገኙም። አቅጣጫና ሚዛን ጠፍቶበት መቆጣጠር አቃተው አሉ። በመሣሪያ ብቻ ለመብረር የሚያስችለውን ፈቃድ ገና እየተማረ ነበር። ስክሪን ቢኖረው ይተርፍ ነበር የሚሉ አጋጥመውኛል። እንጃ። አድማስ የሚያሳይ መሣሪያ እኮ ነበረው።

ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በ2010 ትንንሽ አውሮፕላኖችን አወዳድሮ ነበር። ከ2002 እስከ 2006 የተሠሩ ናቸው፣ አንዳንዶቹ ስክሪን ያላቸው፣ ሌሎቹ የሌላቸው። ስክሪን ያላቸው በጠቅላላው የአደጋ መጠናቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ሰው የሞተባቸው አደጋዎች መጠን ግን የባሰው በነሱ ነው። ቦርዱ ስክሪን ጣሉ አላለም። በየመሣሪያው ልክ የተለየ ሥልጠና ይሰጥ አለ።

ሥልጠናው ላይ ነው እንግዲህ ነገሩ። እዚህ አሜሪካ የግል አብራሪ ፈቃድ ለማግኘት የማታ ሥልጠናው 3 ሰዓት ነው። በውስጡ 10 ጊዜ መነሳትና ማረፍ፣ ከ100 የባሕር ማይል በላይ የሆነ አንድ ጉዞ አለ። ሕጉ ጨረቃ የሌለችበት ማታ ይሁን አይልም። ሙሉ ጨረቃ ባለችበት፣ መብራቷ በደመቀ ከተማ ላይ ሁሉንም ጨርሶ ፈቃዱን የሚወስድ አለ። ሰው ለማሳፈር ደግሞ ባለፉት 90 ቀናት ውስጥ 3 ጊዜ ማታ ተነስቶ ማረፍ ያስፈልጋል። በቃ።

ስለዚህ ወጣቶቹ ትምህርት ቤቱን ሌላ ነገር ይጠይቁ። አስተማሪው ማታ በረራ ላይ አንዱን ስክሪን ያጠፋል ወይ? አንዱ ሲጠፋ በመካከላቸው ያለችዋን ቀይ ቁልፍ ትጫናለህ፤ ሁሉም መረጃ ተጠቃሎ በቀረው ላይ ይመጣል። ግን ይጣበባል፣ ቦታው ይቀያየራል። መጀመሪያ የምታየው ብቻህን ሆነህ መሆን የለበትም። ሁለቱም ቢጠፉስ? ጄኔሬተሩ ቢሞት በባትሪ ነው የምትሄደው፤ የኔዋ መጠባበቂያ ባትሪ ግማሽ ሰዓት ያህል ትይዛለች። ከስክሪኑ በታች ሦስት ትንንሽ ክብ መሣሪያዎች አሉ፣ የፍጥነት፣ የአድማስና የከፍታ። ተማሪው በነሱ ብቻ፣ የእጅ ባትሪ ይዞ፣ አርፎ ያውቃል ወይ? የመቆጣጠሪያ ማማ የሌለው ኤርፖርት ላይስ? እዚያ ብዙ ጊዜ የማኮብኮቢያውን መብራት የሚያበራው አብራሪው ራሱ ነው፣ የሬዲዮውን ቁልፍ በ5 ሰከንድ ውስጥ 7 ጊዜ እየተጫነ። (ጨለማው ውስጥ መብራቱ ድንገት ቦግ ሲል አሁንም ደስ ይለኛል። ይቺን ለማየት ብቻ ማታ የሚወጣ ሰው አውቃለሁ።)

የእህቴ ልጅ ጥያቄዎቹን ስልኩ ላይ ጽፎ ሲዞር ሰነበተ። አንዱ ጋ አዲሶቹን ስክሪኖች አስጎብኝተው ዋጋ ነገሩት። ሌላው ጋ አውሮፕላኖቹ አሮጌ ናቸው፣ ስክሪን ያላት አንዷ ብቻ ናት። አስተማሪዋ ጥያቄዎቹን ሰምታ ሳቀችና «ጨረቃ የማትኖርበትን ማታ ፈልግና ደውልልኝ» አለችው። እዚያ ነው የተመዘገበው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ