የአሻንጉሊት ትያትርን በእጅ ሣሉልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ አሻንጉሊት ትያትር ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት፤ ደስ ይላል። ፎቶው ግን ምንም አልነገረኝም። ያማረ አሻንጉሊት ቆሟል፣ በቃ። ማን ነው የሚያንቀሳቅሰው? በምን? እጁስ የት ገባ? በቴሌቪዥን ቀጭኔዋን ፀሐይን እያዩ ያደጉ ልጆቻችን የሚጠይቁት ይህንኑ ነው፣ ፎቶ ደግሞ አይመልስላቸውም፣ ምክንያቱም የአሻንጉሊት ትያትር ጥበቡ ያለው በተደበቀው በኩል ነው። እባካችሁ በእጅ የተሣለ ኢንፎግራፊክ፣ ማለትም ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ በሥዕልና በአጭር ጽሑፍ የሚያስረዳ፣ አውጡልን።

የቬትናምን የውኃ ላይ ትያትር ብቻ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1121 የተቀረጸ የድንጋይ ጽሑፍ ስለ እሱ ያወራል፣ የቆየ ነገር ነው። ፎቶ ላይ የሚታየው ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ዘንዶ ነው። ሠዓሊ ግን ውኃውን ከጎኑ ሰንጥቆ ውስጡን ያሳያል። ተጫዋቾቹ ከቀርከሃ መጋረጃ ጀርባ እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ቆመዋል። ከእጃቸው ረጅም ዘንግ በውኃው ሥር ተዘርግቶ አሻንጉሊቱ ጋ ይደርሳል፣ አንገትና ክንዱን የሚስበው ገመድም አብሮ ይሄዳል። አሻንጉሊቱ ከሾላ ወገን ከሆነ ዛፍ ይጠረባል፤ እንጨቱ ቀላል ስለሆነ ይንሳፈፋል፣ ውኃ እንዳያስገባም ቀለም ይቀባል። ውኃው ድፍርስ መሆኑ ራሱ ዘንጉን ይሸሽጋል። የኛም ጣና ድፍርስ ነው፤ ዳር ላይ ቢሞከር እንዴት ያምር ነበር!

ቡንራኩ በሚባለው የጃፓን የአሻንጉሊት ትያትር ደግሞ አንድ አሻንጉሊት በሦስት ሰው ነው የሚንቀሳቀሰው። ዋናው ጭንቅላቱንና ቀኝ እጁን፣ ሁለተኛው ግራ እጁን፣ ሦስተኛው እግሩን ይይዛል። ረዳቶቹ ጥቁር ለብሰው ፊታቸውንም ስለሚሸፍኑ ፎቶ ላይ የማን እጅ የቱ እንደሆነ አይለይም። በሥዕል ግን የአንዱን ልብስ በቋሚ መስመር፣ የሌላውን በአግድም፣ የሦስተኛውን ባዶ መተው ነው፣ አለቀ።

ኮምፒውተር አለ አይደል ትሉኝ ይሆናል። ከኮምፒውተር የምታገኙት የተዘጋጀ ምልክት የትኛውም ርዕስ ላይ ያው ነው፤ የእጅ አንጓ እንዴት እንደሚታጠፍ የሚያሳየው ቁጭ ብሎ ያየ ሰው ነው። ደግሞ እኛ በሥዕል ማስረዳት አዲሳችን አይደለም። ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የመቅደሱ ግድግዳ ላይ ታሪኩ ክፍል በክፍል ተሥሏል። ደጉ ሰው በሙሉ ፊት፣ ክፉው በአንድ ዓይን፣ በጎን። ማንበብ ያልተማረም ይገባዋል።

አንድ ነገር ግን አደራ። የጋዜጣ ወረቀት ቀለም ይመጥጣል። ስስ መስመር ይጠፋል፣ በውኃ ቀለም የተቀባ ግራጫም ቆሻሻ መስሎ ይወጣል፣ ስለዚህ ጥላው በብዕር ጭረት ይሁን። የፊደሉ ነገር ይብሳል። ጽሑፉ ከደቀቀ የ«ቤ» ቀለበት በቀለም ይሞላና ከ«ቢ» አይለይም፤ ሠዓሊው በወፍራም ብዕር፣ ሰፋ አድርጎ ይጻፍ፣ ከጽሑፉ የሚወጣው ጠቋሚ ቀስትም በቀጥታ የተጫዋቹ እጅ ላይ ይረፍ።

እኔ እዚሁ ባሕር ዳር ሥዕል አስተምራለሁ። የውኃውን ትያትር በእርሳስ ነድፌዋለሁ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬላችኋለሁ። ግማሽ ገጽ ከሰጣችሁኝ በቀለም እጨርሰዋለሁ፤ የገጹን ስፋት በሴንቲ ሜትር ንገሩኝ፣ ሳይጠብ በልኩ እንዲወጣ።