ስማችሁን ባልጠራም አመሰግናችኋለሁ

ቅዳሜ ዕለት በንባብ ክበባችን የመዝጊያ ዝግጅት ላይ ለተገኛችሁ፣ ባትገኙም ከጀርባ ሆናችሁ ለደከማችሁ ሁሉ ይህ ምስጋና ይድረሳችሁ። መድረክ ላይ ማይክ ሲሰጠኝ እንባ ተናንቆኝ ሁለት ቃል ተናግሬ ወረድኩ። ያኔ ያልወጣልኝን አሁን ልጻፈው።

ላልነበራችሁ ባጭሩ ላስረዳ። የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ልጆች አንድ መጽሐፍ ይዘው ሴሚስተሩን ሙሉ ከረሙ። ፍሬድሪክ ዳግላስ ስለ ገዛ ሕይወቱ ጽፎ በ1845 ያሳተመው ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሰውየው አሜሪካ ውስጥ፣ ሜሪላንድ ግዛት በባርነት ተወለደ። በ1838 አመለጠ። ልጆቹ መጽሐፉን ሲጨርሱ ስለ ራሳቸው ጻፉ። ቅዳሜም ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለጓደኞቻቸው አነበቡ። ውድድር የለ፣ ሽልማት የለ። ንባብ ብቻ።

መጀመሪያ የቤተ መጻሕፍታችንን ኃላፊ ላመስግን። እትዬ፣ መጽሐፉን የመረጡልን እርስዎ ነዎት። "አሥራ አንድ ምዕራፍ ብቻ ነው፤ ይጨርሱታል" አሉኝ። ጨረሱት። ከዚህ በፊት አንድም መጽሐፍ ጨርሶ የማያውቅ ልጅ የመጨረሻዋን ገጽ ሲገልጥ ፊቱን ማየት ነበረብዎት። የቢሮ ጸሐፊያችንንም አልረሳም። የመጽሐፉ የቅጂ መብት ካበቃ ብዙ ዘመን ስላለፈው ማባዛቱ ችግር የለውም። ችግሩ ማሽኑ ነበር። በየደቂቃው ወረቀት ከሚነክሰው ከዚያ ማሽን ጋር የታገለችው እሷ ናት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ቅዳሜ ብዙዎቻችሁ "እነዚህን ልጆች ምን ነካቸው?" ብላችሁ ጠይቃችሁኛል።

የመከራ ታሪክ ወጣትን ያነቃቃል ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ድሉን ነው። ባሪያ የነበረ ሰው ስመ ጥር ተናጋሪ ሆነ፣ ከፕሬዚዳንት ሊንከን ጋር ተገናኝቶ ተነጋገረ፣ እናንተም ትችላላችሁ! እኔ ይሄ ብዙም አይዋጥልኝም። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር ሲሰማ ያጨበጭባል፤ ከበር ሲወጣ ይረሳዋል። የኛን ልጆች የያዛቸው "እንዴት አድርጎ?" የሚለው ነው።

ዳግላስ ልጅ ሳለ ወደ ባልቲሞር ይላካል። የቤቱ እመቤት ፊደል ታስቆጥረው ጀመር። ባሏ ሰማና ከለከለ። ማንበብ ከቻለ ለባርነት አይሆንም አለ። ልጁ እዚያው ቆሞ ይሰማል። ጌታዬ ይህን ያህል የፈራው ነገር ለእኔ ይጠቅመኛል ማለት ነው ብሎ አሰበ። ከዚያ ወዲያ ግን አስተማሪ የለውም። ታዲያ ምን አደረገ? መልእክት ሲላክ መጽሐፉን ይዞ ይወጣል። ዳቦም ይይዛል፤ በዚያ ቤት ዳቦ አይከለከልም ነበር። ሮጥ ሮጥ ብሎ የተላከበትን ይጨርስና በተረፈችው ሰዓት የሰፈሩን ድሃ ነጭ ልጆች ያገኛቸዋል። እነሱ ማንበብ ያውቃሉ፣ ግን ርቧቸዋል። ዳቦውን ይሰጣል፣ ትምህርቱን ይወስዳል።

መጻፍ የተማረበትማ የባሰ ነው። መርከብ መሥሪያው ውስጥ አናጢዎች እንጨቱ የመርከቡ የትኛው ክፍል እንደሆነ ለመለየት ፊደል ይጽፉበታል። እሱ እያየ አራት ፊደል ለቀመ። ከዚያ መጻፍ የሚችል ልጅ ባገኘ ቁጥር "እኔም እንዳንተ መጻፍ እችላለሁ" ይለዋል። "ውሸትህን ነው፣ እስቲ አሳየኝ!" አራቷን ይጽፍና "በል ይህን ብለጠኝ" ይላል። ልጁ እልህ ይዞት የሚያውቀውን ሁሉ ይዘረግፋል። ዳግላስ ያንን ቀድቶ ይሄዳል። ደብተሩ አጥርና ግድግዳ፣ እስክሪብቶው ጠመኔ ነበር።

ይህን ስናነብ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ ወንበር "አራዳ ነው በናታችሁ!" የሚል ድምፅ መጣ። ያ ልጅ ስዕል ይችላል፤ ሒሳብ ግን አልሆንለት ብሎ ትምህርቱን ሊያቆም ከጫፍ የደረሰ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከክፍሉ ጎበዝ ተማሪ ጋር ተዋዋለ። እሱ የባዮሎጂ ስዕሎቹን ይሠራለታል፣ ያኛው ሒሳብ ያስረዳዋል። ማንም አላዘዛቸውም። "በርታ" ሲባል ስንት ዓመት ከረመ፤ ያንቀሳቀሰው ግን የዳቦዋ ዘዴ ናት።

ስለ ጆንያው ገጽ ደግሞ ልንገራችሁ፤ ቅዳሜ አዳራሹን ጸጥ ያደረገችው ልጅ ያነበበችው እሱን ነው። ዳግላስ ትንሽ ልጅ ሳለ አልጋም ብርድ ልብስም አልነበረውም። ክረምት ሲብስበት እህል ወደ ወፍጮ የሚሄድበትን ጆንያ ሰርቆ ይገባበታል። ጭንቅላቱ ውስጥ፣ እግሩ ውጪ ሆኖ ቀዝቃዛ ወለል ላይ ይተኛል። ብርዱ እግሩን ከመሰነጣጠቁ የተነሳ፣ አሁን የምጽፍበት ብዕር ስንጥቁ ውስጥ ሊጋደም ይችላል ይላል። ልጅቷ እዚህ ስትደርስ ቆም አለች። እስክሪብቶዋን አንስታ አየችው። ከዚያ ቀጠለች።

እኔ ስንት ጊዜ አንብቤው ያላስተዋልኩትን ነገር በክርክራችን ላይ የነገረችን እሷ ናት። "ቲቸር፣ እግሩና ብዕሩ አንድ ላይ ናቸው እኮ" አለች። ያ ብርድ የመታው ልጅና ይህ ጸሐፊ አንድ ሰው መሆናቸውን ሳይሰብክ አሳየን ማለቷ ነው። ለዚህች ልጅ ምን ብዬ እንደማመሰግን አላውቅም።

ሌላም አለ። ዳግላስ ማንበብ ከቻለ በኋላ ደስ ብሎት አልኖረም። ያለበትን ሁኔታ በደንብ ሲረዳው፣ መውጫው ሲጠፋው፣ ማንበብ መማሬ በረከት ሳይሆን እርግማን መሰለኝ ይላል። ምንም የማያውቁትን ባልንጀሮቹን ቀንቶባቸዋል። የማነቃቂያ ንግግር የሚያደርጉ ሰዎች ይህን ገጽ ይዘሉታል። እኛ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ቆየንበት። ትምህርት ነገሮችን ያቀላል ተብለው ያደጉ ልጆች፣ ማወቅ ሊያስጨንቅም እንደሚችል ከሚያምኑት ሰው ሲሰሙ ትንፋሽ አገኙ። "ታዲያ ለምን አልተወውም?" የሚለው ጥያቄ እስካሁን ያከራክራቸዋል። መልሱን አልሰጠኋቸውም፤ ይከራከሩ።

ለአንድ አባት ልዩ ምስጋና አለኝ። በሴሚስተሩ መጀመሪያ ቢሮ መጥተው "ልጄ ለፈተና ታጥና እንጂ፣ ይህን ሁሉ ግርፋት ለምን ታነባለች?" አሉኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። መጽሐፉ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ አክስቱ ስትገረፍ ያሳያል። እኛም እነዚያን ገጾች ለልጆቹ አስቀድመን ነግረናል፣ መስማት ያልፈለገ ወጥቷል፣ የምክር አገልግሎት ባለሙያችን አብራን ተቀምጣለች። እህቴ፣ አንቺ ባትኖሪ አልደፍረውም ነበር። አባትየው ይህን ሰምተው ዝም ብለው አልሄዱም። አንድ ቅጂ ጠየቁ። ቅዳሜ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው መነጽራቸውን ደጋግመው ሲጠርጉ የነበሩት እሳቸው ናቸው።

ሌሎች ወላጆችንም ስላላሉት ነገር አመሰግናለሁ። "ታያለህ? እሱ በባዶ እግሩ ተምሮ፣ አንተ ሁሉ ተሟልቶልህ..." እንዳትሉ በስብሰባው ላይ ለምኜ ነበር። ምላሳችሁን ስለያዛችሁ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ በዚህ ጉዳይ አልደራደርም። የመከራ መጽሐፍ የቁጣ መሣሪያ የሆነ ዕለት ልጁ መጽሐፉን ይጠላዋል። የገዛ ችግሩንም ይደብቃል፤ ከሌላ ሰው መከራ ጋር ተመዝኖ እንደሚቀልበት ያውቃላ!

ይህ የታየው ልጆቹ ራሳቸው መጻፍ ሲጀምሩ ነው። አንዱ ሌሊት ሌሊት የታመመች እናቱን እያስታመመ ጠዋት ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይጥለዋል። የመጀመሪያ ረቂቁ ላይ "የኔ ከዳግላስ ጋር ሲተያይ ችግር አይባልም" ብሎ በሁለት መስመር ዘጋው። አጠገቡ የተቀመጠችው ልጅ ወረቀቱን አንብባ "ውድድር ነው እንዴ?" አለችው። እኔ ከዚያ የተሻለ ምክር አልነበረኝም። ቅዳሜ የሰማችሁት ባለ ሦስት ገጽ ጽሑፍ የመጣው ከዚያች ጥያቄ ነው። ብዙ መምህራንም ያን ቀን ነው ለምን እንደሚያንቀላፋ ያወቁት።

"ያሸነፈ ሰው ነው ስለ ራሱ የሚጽፈው፤ እኛ ገና ነን" ያሉም ነበሩ። ነገር ግን ዳግላስ መጽሐፉ ሲታተም በሕግ ፊት ገና የሰው ንብረት ነበር። መድረክ ላይ ሲናገር አንደበቱ ስለሚያምር "ይሄ ሰው ባሪያ አልነበረም" የሚሉ በዝተው ነበር። እሱ የጌቶቹን ስምና የኖረበትን ቦታ ዘርዝሮ ጻፈ። ያ ደግሞ ያለበትን ማሳወቅ ነው። ተይዤ እመለሳለሁ ብሎ ሰጋና ወደ አየርላንድና ብሪታንያ ሄደ። እዚያ ያገኛቸው ወዳጆቹ ገንዘብ አዋጥተው በ1846 ነፃነቱን ገዙለት። ይህን ስነግራቸው ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። "ታሪኩ ሳያልቅ ነው እንዴ የጻፈው?" አዎ፣ ሳያልቅ ነው። ከዚያ በኋላ ወረቀት መጠየቅ ጀመሩ።

ስማችሁን ያልጻፍኩበትን ምክንያትም እዚሁ ልናገር። ዳግላስ በዳቦ ያስተማሩትን እነዚያን ልጆች በስም ጠርቶ ሊያመሰግናቸው ይፈልጋል። ግን ይተወዋል። እሱን አይጎዳውም፤ ባሪያን ማንበብ ማስተማር ይቅር የማይባል ጥፋት በነበረበት አገር እነሱን ያሳፍራቸዋል። የሚኖሩበትን ጎዳና ብቻ ጠቅሶ ያልፋል። እንዴት እንዳመለጠም በዚያ መጽሐፍ አልተናገረም፤ ከኋላው የሚመጡት መንገዱን ይፈልጉታል። ልጆቹ ከዚህ ተነስተው ለክበቡ የራሳቸውን ሕግ አወጡ። ስለ ራስህ የፈለግከውን ጻፍ፣ ሌላ ሰው ካለበት ግን ሳትጠይቅ አታንብብ። በዚህ ምክንያት ቅዳሜ ያልተነበቡ ጽሑፎች አሉ። ጥሩ ጥሩዎቹ አንዳንዶቹ እነዚያ ናቸው። አንዷ ልጅ ፕሮግራሙ ላይ ተራዋ ደርሶ "የኔ ይቅር" ብላ ተቀመጠች። አዳራሹ አጨበጨበላት። ያጨበጨባችሁ ሁሉ፣ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንዳደረጋችሁላት ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ጋሼ፣ የግቢያችን ጥበቃ፣ ከሰዓት በላይ ስንቆይ "ጨርሱ፣ እኔ አለሁ" እያሉ መብራት ያበሩልን እርስዎ ነዎት። አንዳንዴ በሩ ላይ ቆመው ሲያዳምጡ አይቻለሁ። የሚቀጥለው ሴሚስተር ላይ ወንበር ይዘው ይግቡ።

የሚቀጥለው ሴሚስተር ስል ልጆቹ ሐሳብ አምጥተዋል። ዳግላስ ገና ባሪያ ሳለ እሑድ እሑድ በድብቅ ሌሎችን ማንበብ ያስተምር ነበር፤ በአንድ ወቅት ተማሪዎቹ ከ40 በላይ ነበሩ። የኛዎቹም ማንበብ የሚከብዳቸውን የሰባተኛ ክፍል ልጆች አብረን እናስነብብ ብለዋል። ክፍል ተፈቅዶልናል፣ ድብቅ አያስፈልገንም። በሳምንት አንድ ከሰዓት መስጠት የምትችሉ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች ቤተ መጻሕፍት መጥታችሁ ተመዝገቡ።

ቅጂዎቹ እዚያው መደርደሪያ ላይ ናቸው፤ መዋስ ይቻላል። ምዕራፍ አሥር ብቻ ከአንዱ ቅጂ ተገንጥሎ ጠፍቷል። ዳግላስ ከሚገርፈው ሰውዬ ጋር የተናነቀበት ምዕራፍ ስለሆነ ለምን እንደተወሰደ ይገባኛል። የወሰድከው ልጅ አንብበህ ስትጨርስ እትዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው። ማንም አይጠይቅህም።

በታላቅ አክብሮት፣
የንባብ ክበቡ መምህር