«ከማታ ጀምሮ እንዳትቀምሺ» ከማለታችን በፊት

ሰላም ለጋዜጣው አዘጋጅ፣ እንደምን ከረማችሁ። ስለ ኦፕሬሽን ዝግጅት ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ «ከማታ ጀምሮ ምንም አትቅመሱ» የሚለው ምክር ለሁሉም ሰው እኩል እንደሚሆን ተደርጎ መቅረቡ ስለከነከነኝ ነው የምጽፈው። የሰመመን ባለሙያ ነኝ፣ አንድ የክልል ሆስፒታል ኦአር (ኦፕሬሽን ክፍል) ውስጥ ብዙ አመት ሰርቻለሁ፣ እኔም ራሴ ይቺን አረፍተ ነገር ስንቴ እንዳልኳት ቁጥሩን እንጃ።

ባለፈው ሁዳዴ ከአሜሪካ ለቤተሰብ ጥየቃ የመጣች ሴትዮ ወድቃ ክንዷ ተሰብሮ ገባች። ጠዋት ሁለት ሰዓት ትገባለች ተብላ ድንገተኛ ቄሳሪያን ቀደማትና ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ እሷ ደሞ ከትናንት ማታ ጀምሮ ውሃ እንኳን አልቀመሰችም፣ ያውም ሁለት ሳምንት ስትጾም ከርማ። ማስተኛ መድሃኒቱን፣ ቲዮፔንታሉን፣ በጥብጬ ሲሪንጅ ውስጥ አስገብቻለሁ። አለርጂ አለሽ ስላት የለኝም አለች፣ ከዛ ልትተኛ ስትል እንደ ቀልድ «ይሄን ግን ሐኪሞቼ ሁሌ አሳዪ ይሉኛል» ብላ ካርድ ሰጠችኝ። አኪዩት ኢንተርሚተንት ፖርፊሪያ ይላል።

እውነቱን ልናገርና፣ ተማሪ ሆኜ አንድ ገጽ አንብቤ ፈተና ላይ ጽፌ የረሳሁት በሽታ ነው፣ አንድ ነገር ብቻ ጭንቅላቴ ውስጥ ቀርቷል፣ ፖርፊሪያ ካለ ቲዮፔንታል የለም። ሲሪንጁን ጣልኩት። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሂም የሚባል ነገር አለ፣ ደማችንን ቀይ የሚያደርገው እሱ ነው፣ ጉበትም መድሃኒት ለማብላላት ለራሱ ይሰራዋል። ፖርፊሪያዋ ያለባቸው ሰዎች ሂም ከሚሰሩት ኢንዛይሞች አንዱ በውርስ ግማሽ ያህል ብቻ ነው ያላቸው፣ በደህና ቀን ይበቃቸዋል። እንደ ቲዮፔንታል ያለ ባርቢቹሬት የሚባል የመድሃኒት ወገን ሲገባ ግን ጉበት ሂም አምጡ እያለ ስራውን ያጣድፋል፣ መሃል ላይ ይታፈናል፣ እዛ የተጠራቀመው ነገር ደሞ ነርቭ ይጎዳል። ባዶ ሆድ መዋልም ያንኑ ነው የሚያደርገው! ከባድ የሆድ ህመም፣ የልብ ምትና ግፊት መጨመር፣ የሶዲየም መውረድ፣ ሲብስ የሚጥል በሽታ የመሰለ መንፈራገጥ፣ ከዛም እስከ መተንፈሻ ጡንቻ የሚደርስ ሽባነት። ሁሌ ኦፕሬሽን ጠረጴዛው ላይ አይታይም፣ ቀናት ቆይቶ ሊመጣ ስለሚችል ማንም ከሰመመኑ ጋር አያገናኘውም።

ደቡብ አፍሪካ ይሄን በሞት ነው የተማረችው። እዛ ያለው የዚህ በሽታ ዘመድ የሆነው ቫሪጌት ፖርፊሪያ ነው፣ ጄፍሪ ዲን የሚባል የፖርት ኤልዛቤት ሐኪም የቤተሰብ ዘር እየቆጠረ ሄዶ ሄዶ በ1688 እ.ኤ.አ ኬፕ ላይ የተጋቡ ሆላንዳውያን ባልና ሚስት ጋ አደረሰው። ልጅ ልጆቻቸው ወደ 250 አመት ገደማ በሽታውን ይዘው ብዙዎቹ ምንም ሳይሆኑ ኖሩ፣ ቲዮፔንታል በ1934 እ.ኤ.አ ከመጣ በኋላ ግን ለትንሽ ኦፕሬሽን ገብተው ሽባ ሆነው የሞቱ አሉ።

ወደ ሴትዮዋ ልመለስ። 10 ፐርሰንት ግሉኮስ ሰቀልን፣ በፕሮፖፎል አስተኛናት፣ ለህመሙ ፌንታኒል ሰጠን፣ ግሉኮሱ እስክትበላ ድረስ ቀጠለ። ሰላም ነቃች። ካርዱን ባታወጣ ኖሮ የሚለውን ማሰብ አልፈልግም። ለኦፕሬሽንም ቢሆን ምግብ ኦፕሬሽኑ ሊጀመር ስድስት ሰዓት ሲቀረው፣ ንጹህ ውሃ ወይ ስኳር ያለው ቀጭን ሻይ ደሞ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ማቆም ለአብዛኛው ሰው በቂ ነው፣ አስራ አምስት ሰዓት ማስራብ የኛ ልማድ ነው እንጂ ህግ አይደለም፣ ፖርፊሪያ ያለበት ሰው ደሞ የቀኑ የመጀመሪያ ተራ ሊሰጠው ይገባል።

ለጤና ጣቢያ ጓደኞቼም አንድ ነገር። እንዲህ ያለ ሰው ሲያንፈራግጠው እጃችን መጀመሪያ የሚሄደው ፌኖባርቢታል ላይ ነው አይደል፣ እሱም ባርቢቹሬት ነው፣ ሌላው የሚጥል በሽታ መድሃኒት ፌኒቶይንም ለሱ አይሆንም። ማዋለጃ ክፍል ያለችው ማግኒዥየም ሰልፌት ግን ትሆናለች፣ ሶዲየሙንም እዩለት።

እኛ ፎርም ላይ «አለርጂ አለ?» የሚል እንጂ «ከዘመድ በሰመመን የተጎዳ፣ ወይ ሆዱን እየቆረጠው ምክንያቱ የጠፋ አለ?» የሚል የለም። በሽታው ከወላጅ ለልጅ ግማሽ በግማሽ እድል ነው የሚተላለፈው። ሴትዮዋን ያስታመመቻት ታናሽ እህቷ ኮሪደር ላይ ይሄን ስጠይቃት ሳቀችና ልብሷን ገለጥ አድርጋ የትርፍ አንጀት ጠባሳዋን አሳየችኝ፣ ከፍተው ጤነኛ ነው ብለው እንደዘጉትና ቁርጠቱ ግን እስከዛሬ እንደሚመላለስባት ነገረችኝ። ሲያምሽ ሽንትሽ ብርሃን ላይ ሲቆይ ይጠቁራል ወይ አልኳት። እንዴት አወቅክ አለችኝ። የሽንቱ ምርመራ እኛ ጋ የለም፣ ህመሙ ሲነሳባት ናሙናው ብርሃን እንዳይነካው ተጠቅልሎ ወደሚሰራበት ቦታ እንዲላክ ጽፌ ሰጥቻታለሁ፣ እስካሁን ግን አልደወለችም።

አክባሪያችሁ፣ የሰመመን ባለሙያ