ተሳቢ ከመግዛታችሁ በፊት ቁልቁለቱን አስቡ

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣

መኝታ ያለው ትንሽ ተሳቢ የሚሸጥ ሰው የሚያሳየው ፎቶ ምንጊዜም የውስጡን ነው። አልጋው ተነጥፏል፣ መጋረጃው ተሰብስቧል፣ ጠረጴዛው ላይ ቡና ተቀድቷል። ከሥር ያለውን አክስል፣ ፍሬኑን፣ መጎተቻ ጋንቾውን የሚያሳይ ግን አይገኝም። ክብደቱም አይጻፍም። ሜዳ ለሜዳ ለሚነዳ ሰው ይህ ብዙም ላይጎዳ ይችላል። ለሰሜን ሸዋ መንገድ ግን መታየት ያለበት መጀመሪያ የሥሩ ነው፤ አልጋውን ማንም አናጢ ይሠራዋል።

ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በጣርማ በር ዋሻ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መኪና ከ3,000 ሜትር በላይ ካለ ከፍታ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ያውም 50 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ጠመዝማዛ መንገድ። አንድ ቶን የሚመዝን ተሳቢ 1,700 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት እንዳለ ሙቀት ቢሆን 50 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ያፈላል። ከፊሉን ነፋሱና የሞተሩ ማርሽ ይወስዱታል። የተረፈው በሙሉ የሚያርፈው የፍሬን ሸራ ላይ ነው። ተሳቢው የራሱ ፍሬን ከሌለው ደግሞ በመኪናችሁ ሸራ ላይ፣ ከራሷ ከመኪናዋ ሸክም በተጨማሪ ማለት ነው። በአውሮፓ ሕግ ሙሉ ክብደቱ ከ750 ኪሎ በላይ የሆነ ተሳቢ ያለራሱ ፍሬን መንገድ ላይ አይወጣም። ለእኛ ቁልቁለት 750ውም ይበዛል።

ፍሬን ያለው ተሳቢ ሁሉ ደግሞ አንድ አይደለም። ብዙዎቹ ትንንሾች የሚመጡት በግፊት በሚሠራ ፍሬን ነው። መኪናው ፍጥነት ሲቀንስ ተሳቢው ከኋላ ይገፋል፤ ግፊቱ ጋንቾው ላይ ያለውን ዘንግ ወደ ኋላ ይከተዋል፤ ዘንጉ ካቦውን ይስብና ሸራው ከጎማው ጋር የሚዞረውን ታምቡር ይይዛል። ለከተማ መንገድ ጥሩ ሥራ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ግን ሾፌሩ በሁለተኛ ማርሽ ይዞ ሲወርድ ተሳቢው ያለማቋረጥ ይገፋል፣ ፍሬኑም ያለማቋረጥ እንደያዘ ይወርዳል። ሾፌሩ ፔዳሉን ሳይነካ የተሳቢው ታምቡር ይግላል። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ፍሬን በሾፌሩ እጅ አጠገብ መቆጣጠሪያ ስላለው ኃይሉ በጭነቱ ልክ ይስተካከላል፤ ሲፈለግም የተሳቢው ብቻ ይያዛል። ምርጫ ካላችሁ ለዚህ አገር እሱን ውሰዱ።

አወራረዱም ሥርዓት አለው። ዋሻው ጋ ከመድረሳችሁ በፊት ቆማችሁ ጎማዎቹን እዩ። ማርሹን ቁልቁለቱ ሳይጀምር ቀንሱ፤ ከጀመረ በኋላ መቀነስ ፍሪሲዮኑንም ሞተሩንም ያስጨንቃል። ፔዳሉ ላይ እግር አስቀምጦ መውረድ ክልክል ነው፤ አጥብቆ ለአጭር ጊዜ ይዞ መልቀቅና ማስተንፈስ ያስፈልጋል። ደብረ ሲና ላይ ማረፍ ግድ ነው። እዚያ ስትቆሙ የተቃጠለ ሸራ ከሸተተ፣ ወይም ፔዳሉ ለስልሶ ወደ ታች ከገባ፣ ግማሽ ሰዓት ይብረድ። ታምቡር ላይ ውኃ መድፋት ግን እንዳይሞከር፤ የጋለ ብረት ድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል።

ሽቅቡ ደግሞ ሌላ ሒሳብ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አንድ አሥረኛ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ጣርማ በር ላይ 100 ፈረስ ጉልበት የተባለው መኪና 70 ገደማ ነው የሚቀረው። ቪትዝን የመሰለ ትንሽ መኪና ይዞ ተሳቢ ማሰብ ከንቱ ነው። የመኪናችሁ መመሪያ የሚፈቅደውን የመጎተት ክብደት አንብቡና ከእሱ ሩብ ቀንሱ።

ክብደቱን ሻጭ ሲነግራችሁ «ባዶውን ነው ሙሉውን?» ብላችሁ ጠይቁ። ባዶው 650 ኪሎ የተባለውን እንቁጠር። 60 ሊትር ውኃ 60 ኪሎ ነው። ቡታጋዝ ከነሲሊንደሩ 25፣ የእርሳስ ባትሪ 30፣ ትርፍ ጎማ 15፣ ፍራሽ፣ ዕቃ፣ ምግብና ልብስ ሲጨመር ሌላ 80። 860 ደረሰ። የጭነት መኪና ሚዛን ባለበት ከተማ አንድ ጊዜ ጭናችሁ አስመዝኑት፤ ግምት አታምኑ።

ከጠቅላላ ክብደቱ ይልቅ ሰው የሚረሳው የተሳቢው አፍንጫ፣ ማለትም ከመኪናው ጋር የሚያያዘው የፊት ጫፉ፣ ጋንቾው ላይ የሚያሳርፈውን ክብደት ነው። ይህ ከሙሉው አሥር በመቶ ገደማ መሆን አለበት፤ ለ860 ኪሎ ወደ 86 ኪሎ ማለት ነው። የመኪናው ጋንቾ ስንት እንደሚሸከም ደግሞ በመመሪያው ላይ ተጽፏል፤ ከዚያ ማለፍ አይቻልም። ለመለካት የቤት የሰው ሚዛን ይበቃል። ደልዳላ ቦታ ላይ ጎማዎቹን በታኮ ያዙ፤ ሚዛኑ ላይ እንጨት አቁማችሁ አፍንጫው ሲጎተት በሚሆንበት ከፍታ ላይ እንጨቱ ላይ አሳርፉት፤ ቁጥሩን አንብቡ። ካነሰ ጭነቱ ወደ ኋላ አጋድሏል። እንዲህ ያለ ተሳቢ ሜዳ ላይ ፈጠን ሲባል ጭራውን መቁላት ይጀምራል፤ አንዴ ከጀመረ መኪናውንም ይዞት ይሄዳል። ያን ጊዜ መሪ ማወዛወዝም መኪናውን በድንገት ፍሬን መያዝም ያባብሰዋል። ነዳጁን ለቆ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው፤ የኤሌክትሪክ ፍሬን ያለው የተሳቢውን ብቻ በእጁ ይይዛል። ስለዚህ ውኃው፣ ባትሪውና ከባዱ ዕቃ ከአክስሉ በላይ ወይም ትንሽ ፊት ለፊቱ ይቀመጥ። ትርፍ ጎማን ከኋላ ግድግዳ ላይ መስቀል ለዓይን ያምራል እንጂ ሚዛኑን ያበላሻል።

ይህን ሁሉ ካየን በኋላ ነው «ያስፈልገኛል ወይ?» የሚለው የሚመለሰው። አንድ ቦታ ደርሶ አራትና አምስት ሌሊት የሚያድር ቤተሰብ፣ በተለይ ሕፃን ወይም ጉልበታቸው የደከመ አዛውንት ያለበት፣ ከትንሽ ተሳቢ ብዙ ይጠቀማል። ተሳቢው ይቆማል፣ መኪናው ነፃ ሆኖ ቀን ቀን ያዞራል። በየሌሊቱ ቦታ የሚቀይር ግን ይደክመዋል። በቆመ ቁጥር ይህን ይሠራልና፦ ዝቅ ባለው ጎማ ሥር ሳንቃ አስገብቶ በውኃ ልክ ግራና ቀኙን ማስተካከል፣ ታኮ ማስገባት፣ ከጋንቾው መፍታት፣ በፊት እግሩ ፊትና ኋላውን ማስተካከል፣ መጨረሻ ላይ አራቱን ማረጋጊያ እግሮች ማውረድ። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥ፤ ከመፍታቱ በፊት ታኮ ያልገባበት ተሳቢ ተንከባሎ ይሄዳል። ማረጋጊያዎቹም ክሪክ አይደሉም። በእነሱ ተሳቢውን ያነሳ ሰው ሻንሲውን ያጣምማል፤ ምልክቱ በሩ አልዘጋ ማለቱ ነው።

በዓመት ሁለት ሌሊት፣ ለምሳሌ በጥምቀት ሰሞን ብቻ፣ ለሚወጣ ሰው ግን ተሳቢ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ጥሩ ድንኳን፣ ወፍራም ስፖንጅ፣ አንድ የመንዝ ባና፣ ይበቃዋል። የቀረውን 363 ቀን ተሳቢው ግቢ ይዞ ጎማው ፀሐይ ላይ ይሰነጠቃል።

መጠኑንም ለማወቅ መግዛት አያሻም። ሳሎን ወለል ላይ በገመድ 1.80 በ3.50 ሜትር ሣሉ። በውስጡ 1.40 በ1.90 አልጋ፣ 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የማብሰያ መደርደሪያ፣ የበሩን መክፈቻ ምልክት አድርጉ። አሁን ቤተሰቡ በሙሉ እዚያ ውስጥ ገብቶ እራት ይብላ። አንዱ ለመውጣት ሦስቱ መነሳት ካለባቸው መልሱ ተገኘ።

የመድረሻው ነገር ደግሞ አለ። አስፋልቱ አይደለም የሚፈትነው፤ የመጨረሻዋ ኪሎ ሜትር ናት። በድንጋይ አጥርና በባሕር ዛፍ መካከል ገብቶ ማዞሪያ ሲጠፋ ረጅም ተሳቢ ወደ ኋላ ማስወጣት ፈተና ነው። መሪው ተገልብጦ ይሠራል፤ ተሳቢው ወደ ግራ እንዲሄድ መሪው ወደ ቀኝ ይዞራል፣ ከበዛ ደግሞ መኪናና ተሳቢ ተጣጥፈው ይጋጫሉ። ለማያውቀው ቦታ በእግር ቀድሞ ማየት ይሻላል። እነዋሪና ደነባ አካባቢ ያለው ጥቁር አፈር ዝናብ ከነካው ጎማው ጭቃ ጠቅልሎ ጭራሽ መዞር ያቆማል፤ ተሳቢ ሞተር የለውምና ራሱን አያወጣም። ከሰኔ እስከ መስከረም እዚያ መግባት የለም።

ጓሳ የሚሄድ ሰው ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለበት። ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር የሚደርሰው ይህ ሣር መሬት ለብዙ ትውልድ ቀሮ በተባለ ባህላዊ የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ተጠብቆ የኖረ የሕዝብ ሀብት ነው፤ ቤት የሚከደነው፣ ገመድ የሚገመደው ከእሱ ነው። 900 ኪሎ ተሳቢ እርጥብ ሣር ላይ ሲገባ የሚተወው ቦይ ቶሎ አይሽርም። ተሳቢው በጠጠሩ ላይ ወይም አስተናጋጆቹ በሚያሳዩት ቦታ ብቻ ይቁም፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ በእግር ነው የሚታዩት። የመንገዱን ሰላም ከአካባቢው ሰው ጠይቆ መነሳትም እንዳይረሳ።

ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ሲል ውርጭ ይወርዳል። ስስ ላሜራ ግድግዳ ያለው ተሳቢ ከድንኳን ብዙም አይሞቅም። የሁለት ሰው ትንፋሽ ብቻ ሌሊቱን ግድግዳውን ያላብሰዋል፤ ጠዋት ፍራሹ እርጥብ ነው። መድኃኒቱ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ፎም በግድግዳው ውስጥ ማስገባትና የላይኛውን መተንፈሻ ገርበብ አድርጎ መተኛት ነው። ብርዱን በከሰል ለመከላከል ማሰብ ግን ሞት ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የፈካ ከሰልም ያው ነው፤ እንደዚህ ባለች ጠባብ ክፍል የተኛ ሰው ሳይነቃ ያልቃል። ምድጃው ውጭ ይቅር፣ ውስጥ ባናና ጋቢ ይደረብ። ፍሪጅም ለደጋው አያስፈልግም። በጋዝ የሚሠራው ደግሞ ከፍታ ላይ እሳቱ ይዳከማል፣ ዘንበል ካለም አያቀዘቅዝም። ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ የሚወርድ ብቻ በ12 ቮልት የሚሠራ ባለ ኮምፕሬሰር ይያዝ። 100 አምፔር-ሰዓት የእርሳስ ባትሪ ሳይጎዳ የሚሰጠው ግማሹን ነውና ከአንድ ቀን ተኩል በላይ አይጠብቅ።

ብየዳ ቤት የሚያሠራ ሰው ብዙ ነው፤ ክፉም አይደለም። ስህተቱ የሚጀምረው ከብረቱ ውፍረት ነው። 3.50 ሜትር ርዝመት፣ 1.80 ስፋትና 1.80 ቁመት ያለው ሣጥን ግድግዳና ጣሪያው በ1.5 ሚሊ ላሜራ ቢሠራ ላሜራው ብቻ 300 ኪሎ ይመዝናል። በ1 ሚሊ አሉሚኒየም 70 ኪሎ ይሆን ነበር። ባለ 18 ሚሊ ችፑድ 1.22 በ2.44 የሆነው አንዱ 35 ኪሎ ነው፣ እርጥበት ሲያገኘውም ያብጣል። አክስሉ ከአሮጌ መኪና የወጣ ከሆነ ኩሽኔታውን አስቀይሩ፣ ግራሶውን በዓመት አንድ ጊዜ አስሞሉ። 30 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ ፍሬን ሳትይዙ ቆማችሁ የቸርኬውን መሐል በእጅ ዳስሱ፤ ሞቅ ማለት ደግ ነው፣ እጅ የሚያስለቅቅ ከሆነ ኩሽኔታው እየሄደ ነው። ቸርኬው ከመኪናችሁ ጋር አንድ ዓይነት እንዲሆን እዘዙ፤ አንድ ትርፍ ጎማ ለሁለቱም ይሆናል። ጎማ ስትገዙ ጎኑ ላይ ያለውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር እዩ፤ 2319 ካለ በ2019 እንደ አውሮፓውያን በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል።

መብራቱን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፦ ማሳው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መስመር፣ በጋንቾው በኩል ከሆነ ፍሬቻ ሲበራ ስቶፑም አብሮ ብልጭ ድርግም ይላል። ለማሳ የራሱ ሽቦ ይዘርጋለት። የጣርማ በርን ጉም የሚያውቅ ሰው የኋላ መብራት የሌለው ተሳቢ ምን እንደሚያመጣ ያውቃል።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ ሰሌዳና ሊብሬ እንደሚሰጠው፣ የሦስተኛ ወገን መድንም እንደሚገባለት አረጋግጡ። ሰሌዳ የማያገኝ ተሳቢ ውድ የዶሮ ቤት ነው።

ለእናንተም ለጋዜጣው አንድ ጥያቄ አለኝ። የተሳቢ ማስታወቂያ ስትቀበሉ ሻጩ ባዶ ክብደቱን፣ ሙሉ ክብደቱንና የፍሬኑን ዓይነት እንዲጽፍ አድርጉ። ሦስት አጭር መስመር ነው፤ ከመጋረጃው ፎቶ ያነሰ ቦታ ይይዛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ደብረ ብርሃን