በወጣህበት ማርሽ ውረድ

ወንድምዓለም፣ እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ ደህና ናቸው?

አራት ዓመት ጠፍቼ ዛሬ ብቅ ስል "አለህ እንዴ አንተ ሰው!" እንደምትል አውቃለሁ። የእማማን ዕረፍት የሰማሁት ከወር በኋላ ነው። በዚያው ቀን መደወል ነበረብኝ። ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያልኩ ሰነበተ። ከዚያ አፈርኩ። ሰበብ የለኝም። ነፍሳቸውን ይማር። ከደጀን አቧራ ለብሰን ስንመለስ የሚያቀርቡልን ሽሮ እስካሁን ከአፌ አልጠፋም።

ዛሬ ያስጻፈኝ ሞተር ነው። ሳቅ እንግዲህ!

አምና እዚህ ዴንቨር ያገለገለ ሆንዳ ጎልድዊንግ ገዛሁ። የ2018 ስሪት ነው፤ 1,833 ሲሲ፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ስድስት ማርሽ። ባለቤቴ "ይሄ ሶፋ ነው እንጂ ሞተር አይደለም" ትላለች፤ ከኋላ ለመቀመጥ ግን እሷን የሚቀድም የለም። እኔ ደግሞ ነዳጅ ልቆጥብ ብዬ መንገዱ ትንሽ ደልደል ካለ ማርሹን ሽቅብ እሰቅለዋለሁ። ጉልበተኛ ስለሆነ ጥፋቴን ችሎ ይሸከመኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ፓይክስ ፒክ የሚባል ተራራ ወጣን። ጫፉ 4,302 ሜትር ነው፤ ከራስ ዳሸን ብዙም አያንስም። መንገዱ 31 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከ150 በላይ ኩርባ አለው። እዚያ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ከጉልበቱ ከሲሶ በላይ ያጣል። እኔ ልማዴን ይዤ በአራተኛ ማርሽ ጠባብ ኩርባ ውስጥ ገባሁ። ነዳጅ ሰጠሁት፤ ዝም። ጨመርኩለት፤ አጉረመረመ፣ ተንዘፈዘፈ፣ ሊጠፋ ሆነ። ያን ሁሉ ክብደት በእግሬ ደግፌ ለጥቂት ተረፍን። የባለቤቴ ሄልሜት ከኔው ጋር ቋ!

ያኔ ነው ድምፅህ የመጣብኝ። "ጆሮ የለህም? እየለመነህ እኮ ነው፤ አንድ ቀንስለት!"

ያቺ የመሥሪያ ቤትህ ሞተር ብስክሌት፣ ያማሃ ኤጂ 100፣ የሞተሩን ዙር የሚያሳይ መለኪያ እንኳ አልነበራትም። አንተ በጆሮህ ነበር የምትነዳት። እኔ መለኪያው ፊቴ ተገትሮ አላየውም! የዚህ ሞተር ትልቁ የመጎተት ጉልበት በደቂቃ 4,500 ዙር ላይ ነው፤ እኔ ከሁለት ሺህ በታች አድርጌ ዳገት ውጣ እለዋለሁ። ዙሩ ሲያንስ ፒስተኑን የሚገፋው ፍንዳታ ይራራቃል። በዚያ ላይ ነዳጅ ስትጨምርበት እያንዳንዷ ምት እንደ መዶሻ ትሆናለች፤ የሞተሩን ዘንግ የሚሸከመው ኩሽኔታም ይጎዳል። ቆጠብኩ ያልኩት ነዳጅ ምን ዋጋ አለው?

ከዚያ በኋላ ጠባቡን ኩርባ በሁለተኛ ያዝኩት። አንደኛማ ይነጥቃል፤ ነዳጁን ነካ ስታደርገው ወደፊት ይዘልብሃል። ማርሹንም ኩርባው ውስጥ ሳይሆን ከመግባቴ በፊት እቀንሳለሁ። ዙሩ ከፍ ብሎ ሲጮህ መጀመሪያ ፈርቼ ነበር። ለካ የሚጮኸው ስለተመቸው ነው።

ስንወርድ ደግሞ ጠባቂዎቹ መኪኖችን እያስቆሙ የፍሬን ሙቀት ይለካሉ። የዓባይ በረሃ ትዝ አለኝ፤ ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ ስንወርድ የከባድ መኪናዎቹ የተቃጠለ ፍሬን ሽታ። "በወጣህበት ማርሽ ውረድ" ትለኝ ነበር። ያማሃዋ ቱ ስትሮክ (ባለ ሁለት ምት ሞተር) ስለነበረች ነዳጅ ስትለቅ ሞተሯ ፍጥነቱን እምብዛም አይዝም፤ ሁለቱንም ፍሬን እያፈራረቅን ነበር የምንደርሰው። ይሄኛው ግን በሁለተኛ ሲሆን ራሱ ይይዛል። ፍሬኑን የነካሁት ኩርባ ኩርባው ላይ ብቻ ነው።

አንድ ነገር አሁንም አልሆነልኝም። ማርሽ ስቀንስ የኋላ ጎማው ይንገጫገጫል፣ ሄልሜቷም ይመታኛል። አንተ ፍሪሲዮን ይዘህ፣ ነዳጅ ነካ አድርገህ ዙሩን ከፍ ካደረግክ በኋላ ነበር የምትለቀው። እኔ ወይ አበዛዋለሁ ወይ አሳንሰዋለሁ። እንዴት ነበር የምታደርገው?

ስልክህ ካልተቀየረ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እደውላለሁ። ያማሃዋስ፣ አለች?